ሁለት ዋቱና የጣቢታ ሽማግሌዎች

ታሪክ ለታላላቅ ጆሮዎች ተገቢውን ስፍራ ሰጥቶ አያውቅም። ለታላላቅ አፎች ሐውልት ይቆማል፤ ለታላላቅ እጆች ሜዳሊያ ይንጠለጠላል፤ ጆሮ ግን ከጉትቻ በቀር ያገኘው ክብር የለም። ይህን የረጅም ዘመን በደል ለመካስ፣ ከገፈርሳ ግድብ ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ቆርቆሮ ቤቱ በሚጀምርበት፣ በቡራዩ ከተማ በእኛ ሳሎን ውስጥ አንድ ታላቅ ጆሮ ተነሣ። የባለቤቴ የአቶ አሥራት ጆሮ ነው።

እሳቸው ማለት የጀመርኩት ሰብሳቢ ከሆኑ ወዲህ ነው። ፊት ለፊት ግን አሁንም አንተ ነው የምላቸው፤ ሲሰሙኝ ማለቴ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጆኒ የሚባለው ሬዲዮ ጠጋኝ አንድ ዕቃ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቤታችን የመጣ ዕለት ነው። ዕቃው አምፕሊፋየር ነው። አምፕሊፋየር ድምፅ እንደሚያጎላ ያልተማረም ያውቃል። የጆኒ አምፕሊፋየር ግን አያጎላም፤ ታላቅነቱም እዚህ ላይ ነው። የጫማ ሳጥን ያህላል። አናቱ ላይ አምፖል የመሰሉ ብርጭቆዎች ተተክለው እንደ ጧፍ ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። ጉልበቱ ሁለት ዋት ነው። የመጸዳጃ ቤታችን አምፖል አምስት ዋት ነው፤ ይህን የምለው ለማነጻጸር ያህል እንጂ ለማዋረድ አይደለም።

"ፋዘር" አለ ጆኒ፣ "ዋት ሲበዛ የዘፈኑ ነፍስ ይወጣል። ትልቅ ስፒከር ይጮኻል እንጂ አያወራም። ይቺ ግን ታወራለች።"

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አልኩ ከበሩ ላይ ሆኜ።

"እሱ ነው እኮ ማዘር! ጆሮሽ ገና አልተከፈተም።"

አቶ አሥራት ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ይህን የራስ መወዝወዝ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ሰው በጣም ሲጣፍጠው እንዲህ ያደርጋል። ሰው እምቢ ሲልም እንዲሁ ያደርጋል።

በዚያው ሳምንት፣ ሠርግም ሆነ ልደት ሲኖር ሰፈሩን ያዳርስ የነበረው ትልቁ ቴፓችን ከነስፒከሮቹ በጋሪ ተጭኖ ወጣ። ሁለት ዋቱ ከሸክላ ማጫወቻና ከትናንሽ ስፒከሮች ጋር በክብር ገባ፤ የአቶ አሥራት የድሮ የማሲንቆ ሸክላም ማጫወቻው ላይ ተቀመጠ።

አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሙዚቃ ቢሰማ ሥራ ፈት ይባላል፤ አራት ሆነው ቢሰሙ ግን ተቋም ነው። ስለዚህ "የቡራዩ ንጹሕ ድምፅ አድማጮች ኅብረት" ተመሠረተ። አቶ አሥራት በመሥሪያ ቤታቸው የንብረት ክፍል ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠሩ አንድም ስብሰባ መርተው ስለማያውቁ፣ የተጠራቀመ ፍላጎታቸው ታይቶ ሰብሳቢ ሆኑ። ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ምክትል ሆኑ። ጆኒ የቴክኒክ አማካሪ ሆነ። ሻይ ቤት ያለው ጎረቤታችን ደግሞ፣ ኅብረት ያለ ተራ አባል አይቆምም ተብሎ፣ ተራ አባል ሆነ።

"ክቡራን አድማጮች" አሉ ሰብሳቢው በመክፈቻ ንግግራቸው፣ "ሁለት ዋት በሙሉ አቅሙ እንዲደመጥ ከተፈለገ፣ ጸጥታን በማስፈን ረገድ ከባለድርሻ አካላት ጋር ተቀናጅተን መሥራት ይኖርብናል።"

ባለድርሻ አካላት የተባልነው እኔ፣ ልጄ ጣቢታና ዶሮዎቹ ነን።

ሥራው በፍጥነት ተጀመረ። ዶሮዎቹ ለእህቴ ተሰጡ። ማቀዝቀዣው ስለሚያጉረመርም እሑድ እሑድ ከሶኬት እየተነቀለ፣ ወተቱ በኅብረቱ ፈቃድ ይረጋ ጀመር። የሽንኩርት ቁሌት የማሲንቆውን ጫፍ ይነካል ስለተባለ እኔ ከነምድጃዬ ወደ ግቢው ጥግ ተዛወርኩ፤ ዝውውሩ የተነገረኝ በእድገት መልክ ነው። የውጭው በር ሲከፈት ስለሚያንቋርር፣ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ እንዲውል አቅጣጫ ተቀመጠ። ሌባ ቢገባስ ብዬ ጠየቅኩ። ሌባ ድምፅ አያሰማም ተባልኩ።

ከሁሉም የሚደነቀው ወደ ታክሲ ተራ የተላከው ልዑክ ነው። ሰብሳቢውና ምክትሉ ሱፍ ለብሰው ወረዱና የሚኒባሱን ረዳት አነጋገሩት። ጎሚስታው አጠገብ ካለው ጉሊት ቲማቲም እየመረጥኩ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ወንድም" አሉት አቶ አሥራት፣ "እሑድ ጠዋት 'አስኮ፣ አስኮ' የምትለውን ቀለል አድርገህ ብትለው?"

"እንዴት ነው የሚቀለው ፋዘር?"

"በዝግታ። በለሆሳስ።"

"በሹክሹክታ ልጥራ? ሰው ነው የምጭነው ወይስ ምስጢር?"

ተሳፋሪው ሳቀ። በማግስቱ የኅብረቱ ምክትል ለአባላት ባቀረቡት ማብራሪያ ከትራንስፖርት ዘርፉ ጋር የተደረገው ውይይት ፍሬያማ እንደነበር ገለጹ።

የኅብረቱ ታላቁ ሕግ ግን ይህ ነው፦ ሸክላው መዞር ከጀመረ እስኪያበቃ ድረስ ማንም ዓይኑን አይገልጥም፣ አፉንም አይከፍትም። ዓይን ሲገለጥ ጆሮ ይዘጋል ብሏል ጆኒ። ይህን ያፈረሰ ከሚቀጥለው እሑድ ይታገዳል። አንድ ጊዜ መብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው በማሲንቆው መሃል "ቆጣሪው የት ነው?" ብሎ ገብቶ ነበር። አቶ አሥራት ያን ዕለት ያወረዱበትን ስድብ እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል።

እንግዲህ የአገር ጉዳይ በዚህ ሁኔታ እየተመራ ሳለ እኔ አንድ ትንሽ የግል ጭንቀት ነበረችኝ። የልጄ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው፤ ሌላ አይደለም።

ጣቢታና ኢፋ ተዋድደዋል። ኢፋ የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር ላም ያረባል፣ ወተት ለከተማ ያቀርባል። ሲናገር ሰው ዓይን ውስጥ አያፈጥም፣ ሲበላ አይጣደፍም። እናት ስለ ሴት ልጇ ስትጨነቅ የምታሰላስለውን ሁሉ አሰላስዬ እንከን አላገኘሁበትም፤ አንድ እንከን እንኳ ባለማግኘቴ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ገባኝ። ቤተሰቡ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሽማግሌ የሚቀበለው አባት ነው። እናት ጓዳ ሆና ልቧን ይዛ ትቆማለች እንጂ ቃል አትተነፍስም። ሽማግሌ ተቀመጡ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ልጅቷ ረከሰች እንዳይባል። በሁለተኛውም ማንገራገር ወግ ነው። በሦስተኛው ያለ መልስ ከተመለሱ ግን አራተኛ የለም። ጥርም እየደረሰ ነበር። ጥር ካለፈ ጾም ነው፤ ከጾም በኋላ የሚሆነውን ማን ያውቃል?

"አሥራት" አልኩት፣ "ከእሑዶቹ ባንዱ የጣቢታ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።"

"ሽሽሽ! ሳጥኑ እየሞቀ ነው።"

"ሲሞቅም ጸጥታ ይፈልጋል?"

"በተለይ ሲሞቅ።"

የመጀመሪያው እሑድ እኔ ቅዳሴ ነበርኩ። የሆነውን ጣቢታ በጓዳው በር ስንጥቅ አይታ ነገረችኝ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ገርበብ ባለው በር ገቡ። መሪያቸው ኦቦ ጃለታ ናቸው፤ ሱሉልታ ውስጥ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ፊት ነው የሚታረቀው። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ነው። "ቤቶች!" ቢሉ መልስ የለም። ሳሎን ሲገቡ አራት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ የሚያበራ ሳጥን ፊት ተደርድረዋል።

"አካም ቡልተኒ" አሉ ኦቦ ጃለታ።

እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው፤ አንድ እንኳ "ነጋ"፣ ደኅና፣ ብሎ የመለሰ የለም። ሽማግሌዎቹ ጸሎት ላይ የደረሱ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጥቂት ጠበቁ። ጸሎቱ ማሲንቆ ማሲንቆ ሲላቸው ኦቦ ጃለታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "አቶ አሥራት፣ የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ልጃችንንም ልጅዎ እንዲያደርጉልን ነው" አሉ።

አቶ አሥራት ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ቀስ ብለው፣ ከልብ።

"እምቢ አሉ" አሉ አንደኛው ሽማግሌ በሹክሹክታ።

"ወግ ያውቃሉ" አሉ ኦቦ ጃለታ ደስ ብሏቸው። "በመጀመሪያ ቀን እንዲህ ነው።" ገለቶማ ብለው አመስግነው ወጡ።

እኔ ስመለስ ኅብረቱ እንደ ሠርግ ቤት ይንጫጫል።

"ሽማግሌ መጥቶ ነበር እንዴ?" አልኩ ነጠላዬን ሳላወልቅ።

"አንቺም ሰማሽው?" አሉ አቶ አሥራት እጄን ይዘው። "ማሲንቆው ሥር አንድ ሽማግሌ አለ! ይህን ሸክላ ስንት ዘመን ስሰማ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሁለት ዋቱ አወጣው!"

"እዚህ ቆሞ የሚያወራ ነው እኮ የሚመስለው!" አለ ጆኒ። "ምን ብዬህ ነበር ፋዘር?"

"በኦሮምኛ ሰላምታ ነው የሚጀምረው" አሉ ምክትሉ።

"እኔ የጋቢውን ሽታ ሳይቀር ሰምቻለሁ" አለ ተራ አባሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተራ መሆኑ ቀርቶለት የስሜት ጉዳዮች ተጠሪ ሆነ።

"አሥራት፣ ሰው ነው! እውነተኛ ሽማግሌ ነው! ልጅህን ሊጠይቁ መጥተው ነው!"

አቶ አሥራት በሐዘኔታ ፈገግ አሉ። "የኔ እመቤት፣ ሰው ቤቴ ቢገባ አልሰማም? በዚህ ጆሮ?"

ጓዳ ስገባ ጣቢታ ትራስ ላይ ተደፍታለች። "እማዬ፣ አባዬ እምቢ አለ።"

"አላለም የኔ ልጅ" አልኳት። "ጣፍጦት ነው።"

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ አልመጡም። በሸክላው ውስጥ የነበረው ሽማግሌም አልመጣም። ኅብረቱ ከባድ ሐዘን ላይ ወደቀ። ጆኒ ገመድ ቀየረ። ከገፈርሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተው ከአምፕሊፋየሩ ሥር አነጠፉ። ስፒከሮቹ ወደ ግድግዳ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ሰው ዞሩ። ሰብሳቢው "ሽማግሌውን ወደ ነበረበት ለመመለስ የተጀመረው ርብርብ ተጠናክሮ ይቀጥላል" አሉ። በእግሩ ቆሞ የለመናቸውን እውነተኛውን ሽማግሌ ይህን ያህል ቢፈልጉት ኖሮ ልጄን ያን ጊዜ ድሬያት ነበር።

እኔ ከዚያ ወዲያ ቅዳሴውን በሌሊቱ እያደረስኩ፣ እሑድ ጠዋት ከውጭው በር አልለይም ነበር። መጡ። ሽማግሌዎቹን እጅ ነስቼ አስገባኋቸውና ከኋላቸው ገብቼ በሩ ሥር ቆምኩ። ማሲንቆው እንደ ትንኝ ይጮኻል። ኦቦ ጃለታ ሰላምታቸውን ገና ሲጀምሩ የአራቱም ፊት በራ። ምክትሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። የአቶ አሥራት እንባ በጉንጫቸው ወረደ። ሽማግሌው ተመልሷላቸዋል!

"አቶ አሥራት፣ እነሆ ዳግመኛ መጣን፤ ልጅዎን ለልጃችን..."

አቶ አሥራት እያለቀሱ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

ሶኬቱን ልንቀለው ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ከዚያ የቆጣሪ አንባቢው ትዝ አለኝ። ያ ስድብ በኦቦ ጃለታ ላይ ቢወርድ የልጄ ነገር እዚያው ያበቃል። የአቶ አሥራትን ትከሻ ነካሁ፤ እንደ ዝንብ አባረሩኝ። ኦቦ ጃለታ ጎንበስ ብለው ጆሯቸው ሥር "አቶ አሥራት!" ቢሉ፣ አቶ አሥራት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቃተቱ። ስማቸውን ሳይቀር የሚያውቅ ሸክላ!

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቀስ ብለው ወጡ። እኔም ተከትዬ ውጭው በር ጋ ደረስኩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ የኦቦ ጃለታ ፊት በሐዘን ርሷል።

"ልጄ" አሉኝ፣ "መቼ ጀመራቸው?"

"ምኑ አባቴ?"

"ጆሯቸው።"

የኋላኛው ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ "የልጅ ልጅ የሚወለድበት ነገር ነው፤ አትደብቂን። በዘራቸው ያለ ነው?" አሉ።

ይሰማሉ ብል፣ ሽማግሌ ቆሞ ሁለቴ ሲለምን ዓይናቸውን ጨፍነው ናቁን ማለት ነው፤ ንቀት ደግሞ ይቅርታ የለውም። አይሰሙም ብል፣ ከዘር ነው ተብሎ ልጄ ልትቀር ነው።

"መብረቅ ነው" አልኩ።

"መብረቅ?"

"በወጣትነቱ። እዚህ ገፈርሳ አጠገብ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ።"

"ባሕር ዛፉስ?"

"ደረቀ።"

"ዛፉ ደርቆ እሳቸው በጆሮ ብቻ ተረፉ!" ሦስቱም አማተቡ። "ከዘር አይደለም ማለት ነው። እና ያ የሚያበራው ሳጥን?"

"ሐኪም ያዘዘለት ነው።"

"አብረዋቸው ያሉትስ?"

"እነሱም ታማሚዎች ናቸው" አልኩ። ይህኛው ውሸት አልነበረም።

ኦቦ ጃለታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። "አይዞሽ። በሦስተኛው እንዲሰሙ አድርገን እንመጣለን።"

ሲመጡ ከጋቢያቸው ሥር የዕድራቸውን የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ፤ ያን ለቅሶ ላይ "ከቀብር በኋላ ወደ ድንኳን" የሚባልበትን። ለማስጠንቀቅ አፌን ሳልከፍት ኦቦ ጃለታ ሳሎኑ መሃል ቆመው ቁልፉን ተጫኑት።

"አቶ አሥራት! ልጅዎን! ለልጃችን!"

ከቤታችን መስኮት አቧራ ረገፈ። ጆኒ ከወንበሩ ወደቀ። የስሜት ጉዳዮች ተጠሪው "ዋቱን ቀንሱት!" እያለ ጮኸ። አቶ አሥራት ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ብድግ አሉ።

"ምን ጉድ ነው! ሰማሁ! ሰማሁ! ጆሮዬን አጠፋችሁት እኮ!"

ከዚያ ዓይናቸው ሦስቱን ጋቢዎች አየ። ከዘራዎቹን አየ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

"እርስዎ... ማሲንቆው ሥር ያሉት እርስዎ ነዎት?"

ኦቦ ጃለታ ማጉያውን አወረዱ። ፊታቸው ተለወጠ። "አቶ አሥራት፣ ይሰማሉ እንዴ? ታዲያ ሁለት ጊዜ ቆመን ስንለምንዎት...?" ከዘራቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መታ።

ኅብረቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ሲፈልገው የነበረው ጸጥታ ያኔ ተገኘ። ዝንብ አልነበረም። ከታክሲ ተራው እንኳ ድምፅ የለም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የጓዳው በር ተከፈተና ጣቢታ፣ ወጉን ረስታ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ወጣች። አባቷን አየችው። አባቷም አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በአንድ ጣት ጆሮዬን ነካሁ።

ባለቤቴ ሞኝ አይደለም። ቀስ ብሎ እጁን አነሣና ያንን ታላቅ ጆሮውን ከኋላው በመዳፉ ደገፈው።

"ምን... አሉ?"

"ይሰማሉ ወይ ነው የምልዎ!"

"ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!" አለ አሥራት። "ከብቶቹስ?"

ጆኒ ከወለሉ ላይ፣ "ፋዘር ምን ነካህ? የክር ትንፋሽ የምትሰማ ሰውዬ..." ማለት ሲጀምር ተረከዜን ጣቶቹ ላይ አሳረፍኩት።

የኦቦ ጃለታ ዓይን እንባ አቀረረ። ማጉያውን በሐዘኔታ፣ ከአሥራት ጆሮ አንድ ስንዝር ላይ፣ እንደገና አነሡት። "ልጅዎን! ለልጃችን!"

"ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ!" ብሎ ጮኸ አሥራት። "ተቀመጡ!"

ጥር ላይ ዳርናት። ከኢፋ ቤት በመጣው ጥሎሽ ውስጥ ለሙሽራዋ ቀሚስና ወርቅ፣ ለእኔ ኩታ፣ ለአባትየው ደግሞ ጎማ ያለው፣ ደረቴን የሚያክል ጥቁር ስፒከር ነበረበት። ጆኒ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቦ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አሁን ሳሎኑ ውስጥ የቆመው እሱ ነው። ሁለት ዋቱ አናቱ ላይ ተቀምጦ የፕላስቲክ አበባ ይዟል። ኅብረቱ ላልተወሰነ ጊዜ ተበትኗል። ዶሮዎቹ ተመልሰዋል፤ እኔም ከነምድጃዬ።

አማቾቻችን በበዓል በበዓሉ ከሱሉልታ ይመጣሉ። አሥራትን ከስፒከሩ ፊት ያስቀምጡትና ያበሩለታል። ሰፈሩ ይናወጣል። "ይሰማዎታል?" ይሉታል ጆሮው ሥር እየጮኹ። ሰውየው መናገር አይችልም፤ ይሰማኛል ቢል ያ የከዘራ ጥያቄ ይመለሳል። ስለዚህ እባካችሁ በቃ ለማለት ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል።

"አልሰማም አሉ!" ይላሉ ኦቦ ጃለታ። "ጨምሩላቸው!"

እኔም እጮኽበታለሁ። ሰው ሲኖር ለልጄ ትዳር ስል ነው። ሰው ሲሄድ ደግሞ "አሁን እኮ ማንም የለም፣ ምን ያስጮኽሻል?" ይለኛል በለሆሳስ።

"አልሰማሁህም!" እለዋለሁ።